የቦሩ ልጅ ድምፅ

አቢሶ በፎርድስበርግ መንገድ ላይ እየሮጠ ነው። የአናጺ ሽርጡን አላወለቀም፤ ፀጉሩ ላይ የእንጨት ፍቅፋቂ ተሰክቷል፤ በእጁ የያዛት ካርድ ደግሞ ከመዳፍ አትበልጥም። የሚሮጠው በሠረገላዎቹ መሐል ነው፤ በዚህ ከተማ ጥቁር ሰው በእግረኛ መንገድ ላይ እንዲሄድ አይፈቀድለትም። ከበስተደቡብ የወርቅ ማዕድኑ ወፍጮዎች ድንጋይ ሲቀጠቅጡ መሬቱ ከእግሩ ሥር ይርገበገባል። ዛሬ እኛ ሐበሾች የስልክ ሽፋንና ብርድ ልብስ የምንሸጥበት ይህ ሰፈር ያኔ ቆርቆሮና ጭቃ ነበር። ዘመኑ በእኛ አቆጣጠር 1885፣ ወሩ መጋቢት፣ ቀኑ ማክሰኞ ነው። ጆሃንስበርግ ገና ሰባት ዓመት አልሞላትም።

አሠሪው ሚስተር ትሬቨና ከእንግሊዝ አገር የመጣ አናጺ ነው፤ እርሳሱ ከጆሮው ላይ ወርዶ አያውቅም። አቢሶ ካርዷን ሲሰጠው ከዓይኑ አርቆ አነበባት።

«የሪድስዴል ወረዳ የፓርላማ ማሟያ ምርጫ። ሐሙስ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ቀኑ አሥር ሰዓት።» ካርዷን አገላበጣት። «ሪድስዴል የት ነው?»

«ኬፕ ነው ጌታዬ። እኔ የተማርኩበት ሚሲዮን ያለበት። የወረዳው እንደራሴ ከፈረስ ወድቀው ሞቱ። የቀረውን ዘመን የሚሞላላቸው ሰው ይመረጣል።»

«ታዲያ አንተ ምን አገባህ?»

«መዝገቡ ላይ አለሁ።»

ሚስተር ትሬቨና ካርዷን መላጊያው አጠገብ አስቀመጠና በጣቱ መልሶ ገፋት። የከነከነው ገብቶኛል። ይህ ሰው እዚህ በቦሮች፣ ማለትም የሆላንድ ዘር ባላቸው ነጮች አገር ስድስት ዓመት ሙሉ ቀረጥ ከፍሏል፤ መጤ ነህና ቆይ ተብሎ አንድም ቀን ድምፅ ሰጥቶ አያውቅም። ከድንበሩ ማዶ በእንግሊዞች ቅኝ ግዛት በኬፕ ግን ሕጉ ሌላ ነበር። ገቢው የሚበቃ፣ ስሙንና አድራሻውን ሥራውንም በራሱ እጅ መጻፍ የሚችል ወንድ ሁሉ፣ ቆዳው ምንም ይሁን ምን፣ መራጭ ነው። የዚያን ዕለት በዚያች የቆርቆሮ አውደ ሥራ ውስጥ ከሁለቱ ሰዎች ድምፅ ያለው ጥቁሩ ነበር።

«ሁለት ቀን መሄጃ፣ ሁለት ቀን መመለሻ» አለ በመጨረሻ። «ለአንድ ቃል?»

«ለአንድ ቃል ነው ጌታዬ። በመጪው ዓመት በወረቀት ተጽፎ ሣጥን ውስጥ ይገባል አሉ። በአፍ የሚነገረው ይኼ የመጨረሻው ነው።»

«የሆቴሉ መስኮቶች ሰኞ ይፈለጋሉ።»

«ሰኞ ጠዋት እዚህ ነኝ።»

«ካልሆንክ ሌላ ሰው እቀጥራለሁ። ነግሬሃለሁ።» እርሳሱን ከጆሮው አወረደና መልሶ ሰካው። «እንግዲህ ከሄድክ አይቀር ለእኔም አንድ ስጥልኝ።»

«ያለኝ አንድ ብቻ ነው ጌታዬ» አለ አቢሶ፤ ሰውየው ሳይወድ በግድ ሳቀ።

*

ባቡር ጣቢያው ላይ ፊቤ ቀድማው ደርሳለች። ዱርንፎንቴን በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር በአንድ የማዕድን ባለሀብት ቤት ልብስ አጣቢ ናት፤ እጆቿ ሁልጊዜ የሳሙና ሽታ አላቸው። ከአምስት ዓመት በፊት እሷና አቢሶ ቀይ ባሕር ላይ በአንድ የባሪያ ጀልባ ታጭቀው ሲወሰዱ የእንግሊዝ የጦር መርከብ ደርሶ አስጣላቸው። ከዚያ ወዲያ የኤደን ወደብ፣ ከዚያ ኬፕ፣ ከዚያ ሚሲዮን። እሷ ፊቤ ተብላ ተጠመቀች፤ እሱ ስሙን አልቀይርም ብሎ አስቸገረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደ ወንድምና እህት ናቸው፤ ሲገናኙ ኦሮምኛ ነው የሚያወሩት።

በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ሰጠችው። ሸሚዝ ላይ የሚቆለፍ ነጭ ኮሌታ ነው፤ በስታርች ደርቆ ሲነኩት ይንኳኳል።

«እዚያ ስትደርስ ነው የምታደርገው። በባቡር ጥላሸት ካበላሸኸው አልምርህም።»

«እሺ እመቤቴ።»

«አትቀልድ። ምን ብለህ ነው የምትናገረው? እስቲ አሰማኝ።»

«ጠረጴዛው ፊት እቆማለሁ። ዳኛው አሉ፣ ሁለቱ ዕጩዎች አሉ፣ ሕዝቡም አለ። ስሜን እናገራለሁ፤ ቀጥዬ የምመርጠውን ሰው ስም እናገራለሁ፤ ጸሐፊው ይጽፈዋል።»

«ስምህን በል።»

«አቢሶ ቦሩ።»

«እንደዚህ ብለህማ ጸሐፊውም አይሰማህ!»

«አቢሶ ቦሩ!» አለ። ቲኬት ቆራጩ በመስኮቱ ብቅ ብሎ ገላመጠው። ሁለቱም አቀርቅረው ሳቁ።

«ፊቤ» አለ ቆይቶ። «ባሕሩ ዳር ገበያ ላይ ዋጋዬን ጮክ ብለው ሲጠሩት ሰምቻለሁ። ያን ሁሉ ሲጮኹ ስምህ ማነው ያለኝ ሰው አልነበረም። ሐሙስ ዕለት እኔው ራሴ እጠራዋለሁ።»

ፊቤ ሻሿን አጠበቀች። የአራት ዓመት ልጅ ሳለች ነው የተወሰደችው። ከቤት ቤት ስትተላለፍ አራት ጊዜ ስም ወጥቶላታል፤ የመጀመሪያውንም የአባቷንም አታስታውስም።

«አንተ ታድለሃል» አለችው። «አባትህን ይዘህ ወጣህ። እሑድ እሑድ አቶ ፊሊጶስ ጸሎት ቤት የምእመናኑን መዝገብ ሲያነብ ታውቅ የለ? ሁሉንም ከነቤተሰብ ስሙ ይጠራል። እኔ ጋ ሲደርስ ‹ፊቤ› ይልና ያስላል። ቦታው ባዶ ስለሆነ ነው የሚያስለው።»

ባቡሩ ጮኸ፤ ወደ ሦስተኛ ማዕረግ ፉርጎ ገፋችው።

«ጮክ በል እሺ! እዚህ ድረስ እንድሰማህ!»

*

ፉርጎው ውስጥ አግዳሚ እንጂ መስኮት አልነበረም። አቢሶ ኮሌታውን ከሸሚዙ ሥር ደረቱ ላይ አድርጎ፣ እንዳይታጠፍበት ቀጥ ብሎ ተቀመጠ፤ ሁለት ቀንና ሁለት ሌሊት ማለት ይቻላል ቀጥ እንዳለ ነው የሄደው። በኦሬንጅ ወንዝ ድልድይ አጠገብ የባቡሩ ውኃ አለቀና አምስት ሰዓት ሙሉ ቆሙ። መንገደኛው ወርዶ ሣሩ ላይ ተጋደመ። እሱ ግን ከሐዲዱ ዳር እየተመላለሰ ሰዓቱን ለሚያውቅ ሁሉ «ስንት ሆነ?» ይላል።

ሐሙስ ዕለት ባቡሩ መድረስ የነበረበት ጠዋት ነው፤ የደረሰው ከቀኑ ሰባት ሰዓት አልፎ ነው። ከጣቢያው እስከ ሪድስዴል የፈጣን ሰው የሁለት ሰዓት ተኩል መንገድ ነበር። ጫማውን አውልቆ ክሮቹን አስሮ አንገቱ ላይ አንጠለጠለና አቀበቱን ያዘው። የከተማዋ መግቢያ ወንዝ ላይ እግሩን ታጠበ፣ ፊቱን ታጠበ፣ ጫማውን አደረገ። ኮሌታውን ከጋዜጣው ሲፈታው ነጭ ነበር። ቸኩሎ እንኳ በቀስታ ነው የቆለፈው።

*

ምርጫው የሚካሄደው በዳኛው ችሎት በረንዳ ላይ ነው። ረጅም ጠረጴዛ፣ የቀለም ቢልቃጥ፣ ሁለት ትልልቅ መዝገቦች፤ ከጠረጴዛው በስተቀኝና በስተግራ ሁለቱ ዕጩዎች ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። የጠበቃው የሚስተር ሃርግሬቭ ወገኖች ሰማያዊ ጥብጣብ፣ የበግ ነጋዴው የሚስተር ኮልቢ ወገኖች ቢጫ ጥብጣብ ደረታቸው ላይ አስረዋል። ሚስተር ኮልቢ በሚሲዮን መሬት ላይ የሚኖሩትን ከመዝገቡ አስፍቃለሁ ብሎ ነበር የተነሣው፤ ሚስተር ሃርግሬቭ ደግሞ አይነኩም ብሎ። በአፍ ምርጫ ማን እንደሚመራ የማይታወቅበት ደቂቃ የለም፤ ግድግዳው ላይ በጠመኔ ተጽፏል። ቢጫ ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ፣ ሰማያዊ ሁለት መቶ አራት።

አቢሶ ሲደርስ የችሎቱ ሰዓት ለአሥር ሩብ ጉዳይ ይላል። ሰልፉ ግን አጭር ነበር፤ ከኋላው የተሰለፉት አንድ ብርድ ልብስ የደረቡ ሽማግሌ ብቻ ናቸው። ታታ ማቦኔ ይባላሉ፤ ታታ በዚያ አገር አባባ ማለት ነው፤ የሚሲዮኑ ሠረገላ ነጂ ነበሩና ያውቁታል።

«ከየት መጣህ ልጄ?»

«ከጆሃንስበርግ፣ ታታ።»

ሽማግሌው ጫማውን አዩ፣ ኮሌታውን አዩ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ተራው ደረሰ። ጸሐፊው ጣቱን በመራጮች መዝገብ ላይ አወረደና አገኘው። ዳኛው ነጭ ጢማም ሰው ናቸው፤ መጽሐፍ ቅዱሱን ወደ እሱ ገፉለት። መራጩን ለማጣራት ሕጉ ሁለት ጥያቄ ብቻ ይፈቅድላቸዋል፤ መዝገቡ ላይ ያለው ሰው አንተ ነህ ወይ፣ ዛሬ ሌላ ድምፅ ሰጥተሃል ወይ። አቢሶ እጁን መጽሐፉ ላይ አደረገ።

«መዝገቡ ላይ የተጻፈው ሚስተር ቦሩ አንተ ነህ?»

«አይደለሁም ጌታዬ» አለ አቢሶ፣ ጮክ ብሎ። «ቦሩ አባቴ ነው።»

ዛሬ ጆሃንስበርግ ውስጥ ወረቀት ያወጣ ሐበሻ ይህን ያውቀዋል። ክሊኒክ ኮሪደር ላይ ነርሷ የአባቱን ስም ስትጠራ ዝም ብሎ ተቀምጦ ተራው ያለፈው ስንቱ ነው! እኛ ዘንድ አባት አባት ነው፤ ልጅ ደግሞ ልጅ። የእንግሊዞቹ ጸሐፊ ግን መጨረሻ የተጻፈውን ስም የቤተሰብ ስም ብሎ ከፊት አምጥቶታል።

በረንዳው ተናወጠ። የሚስተር ኮልቢ ወኪል፣ ቀይ ጢም ያለው ሰው፣ ከመቀመጫው ተስፈነጠረ።

«ሰማችሁ? በራሱ አፍ! በመሐላ! ይሰረዝ!»

ከሰማያዊዎቹ ወገን «ኧረ አዎን በል! አዎን በል!» የሚል ጩኸት ተነሣ። ዳኛው እጃቸውን አነሡ።

«ልጄ» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «እዚህ አገር ሰው በመጨረሻ ስሙ ነው የሚጠራው። አዎን በልና ይለቅ።»

ቀላል ነበር። እኔ ብሆን እላለሁ፤ አንተም አንባቢዬ ትላለህ። ያን ሁሉ መንገድ መጥቶ፣ የሚመርጠው ሰው ሃያ ሰባት ድምፅ ወደ ኋላ ቀርቶ፣ ሰዓቱ እየሄደበት! አቢሶ ግን እጁ መጽሐፉ ላይ እንዳለ አባቱን አየ። ወራሪዎቹ የመጡ ጊዜ ቦሩ ጦሩን ይዞ ከደጃፉ ላይ ቆመ፤ ልጁ በጓሮ እንዲሮጥ ጮኸበት፤ ከዚያ ወዲያ አልተነሣም። እኔ እሱ ነኝ ብሎ መማል አቃተው። አቢሶን የማደንቀው ለዚህ ነው።

«ጌታዬ፣ አባቴ ሞቷል። የሞተ ሰው ድምፅ አይሰጥም። እሱ ነኝ ብዬ ከማልኩ ያን ጊዜ ነው ያጭበረበርኩት።»

ቢጫ ጥብጣብ ካሰሩት መሐል አንዱ ሳቀ፤ ሳቁ ተዛመተ። ቀይ ጢሙ አልሳቀም።

«እንግዲያው እዚህ ምን ይሠራል?» አለ። «መዝገቡ ቦሩ ይላል!»

«መዝገቡን የጻፈው ጸሐፊው ነው» አለ አቢሶ ወደ ዳኛው ዞሮ። «ስመዘገብ ግን ቅጹን በገዛ እጄ ጽፌያለሁ፤ ሕጉ ጻፍ ስላለ። ቅጹ እርስዎ ዘንድ ነው። ያምጡትና እንደገና ልጻፍ፤ ጽሕፈቱ የአንድ ሰው ካልሆነ ይሰረዝ።»

ዳኛው ሰዓቱን አዩ። ለአሥር ስምንት ደቂቃ ይቀረዋል። ቅጾቹ ጓዳ ውስጥ፣ በብረት ሣጥን ተቆልፈው ነው ያሉት። ጸሐፊው ቁልፉን ተቀብሎ ገባ።

ያን ጊዜ አቢሶ ከኋላው የታታ ማቦኔን ትንፋሽ ሰማ። እሱ ጠረጴዛውን ይዞ ከቆመ ሰዓቱ በሽማግሌውም ላይ ይዘጋል። ሁለት ቀን የተጓዘለትን ቦታ ለቆ ወደ ጎን አለ።

«ቅጹ እስኪመጣ እሳቸው ይስጡ» አለ።

«አንተስ ልጄ? ቢያልቅብህስ?»

«ይስጡ ታታ።»

ጸሐፊው ጓዳ ስለነበር ድምፃቸውን ዳኛው በገዛ እጃቸው መዘገቡት። ሁለት መቶ አምስት። ሁሉም የጓዳውን በር ነው የሚያየው። ጸሐፊው ሲወጣ ሦስት ደቂቃ ቀርቷል። ዳኛው ቅጹን ለማንም ሳያሳዩ ብዕሩን ለአቢሶ ሰጡት። ግራ እጁን ጠረጴዛው ላይ ተክሎ፣ እንጨት ላይ መሥመር እንደሚያሰምር ሰው ትንፋሹን ይዞ ጻፈ። አቢሶ፣ የቦሩ ልጅ። አናጺ። ሪድስዴል ሚሲዮን።

ዳኛው ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አደረጓቸው። ቀይ ጢሙም ጎንበስ ብሎ አየ። አንድ እጅ ነው። ከዚህም በላይ፣ በመጀመሪያው ቅጽ ላይ ቃል በቃል «አቢሶ፣ የቦሩ ልጅ» የሚል ነበር የተጻፈው፤ «ልጅ» የሚለውን የዘለለው ጸሐፊው ነው። ጸሐፊው ጆሮው ድረስ ቀላ።

ዳኛው ከወንበራቸው ተነሡ። እንግሊዝኛ አንተንና እርስዎን አይለይም፤ እኔ ግን እንዴት እንደተናገሩት ስለገባኝ በእርስዎ እጽፈዋለሁ።

«የቦሩ ልጅ አቢሶ እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ።»

«ዛሬ ሌላ ድምፅ ሰጥተዋል?»

«አልሰጠሁም።»

«ድምፅዎን ለማን ይሰጣሉ?»

አቢሶ ወደ ሕዝቡ ዞረ። ደረቱን ሞላና የሚስተር ሃርግሬቭን ስም ጠራ። ከበረንዳው ጀርባ የታሰሩት ፈረሶች ጆሯቸውን አቀኑ ይባላል፤ እኔ አምናለሁ። ሚስተር ሃርግሬቭ በወጉ መሠረት ተነሥቶ ረጅሙን ጥቁር ባርኔጣውን አወለቀ።

«አመሰግናለሁ፣ ሚስተር አቢሶ» አለ።

ሰዓቱ አሥር መታ። ቢጫው አሸነፈ፤ ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ ለሁለት መቶ ስድስት። የአቢሶ ድምፅ ማንንም ፓርላማ አላስገባም። ሆኖም በዚያ ቀን መዝገብ ውስጥ ሌሎቹ ሁሉ በቤተሰብ ስማቸው ተደርድረው አንድ መሥመር ብቻ ሙሉውን ተጽፏል። አቢሶ፣ የቦሩ ልጅ።

*

ቅዳሜ አመሻሹ ላይ ዱርንፎንቴን በጓሮ በር ቆሞ ለፊቤ ነገራት። ኮሌታው ጥላሸት ለብሶ ነበር፤ አልተቆጣችውም። ፈረሶቹ ጋ ሲደርስ ሳቀች፤ «ቦሩ አባቴ ነው» ያለው ጋ ሲደርስ ግን መልሶ እንዲነግራት ጠየቀችው። መልሶ ነገራት። ሽርጧን በእጇ ጠቅልላ ፈታች።

«አቢሶ።»

«ወዬ።»

«አባትህን ታካፍለኛለህ?»

መጀመሪያ የምትቀልድ መስሎት ነበር። ፊቷን ሲያይ ግን እንዳልሆነ ገባው።

«ሴት ልጅ አልነበረችውም» አለ። «ሁልጊዜ እመኛለሁ ይል ነበር።»

በማግስቱ እሑድ፣ ፎርድስበርግ ባለችው የቆርቆሮ ጸሎት ቤት አቶ ፊሊጶስ መነጽሩን አስተካክሎ መዝገቡን ማንበብ ጀመረ። ሰው ሁሉ ስሙ ሲጠራ «አለሁ» ይላል። አቢሶ ከወንዶቹ በኩል ሆኖ ጫማውን ያያል።

«ፊቤ» አለ አቶ ፊሊጶስ፤ ሊያስልም አፉን ሸፈነ።

ፊቤ ተነሣች። «ባዶው ላይ ይጻፉልኝ፤ ቦሩ ብለው።»

አቶ ፊሊጶስ ከመነጽሩ በላይ አያት፤ ቀጥሎም አቢሶን አየ፤ ፈገግ አለ። «እንኳን ደስ አላችሁ! መቼ ተጋባችሁ?»

«አልተጋባንም» አለች ፊቤ፤ ያን ያህል ድምፅ እንዳላት ማንም አያውቅም ነበር። «ቦሩ አባቴ ነው።»